ምዕራፍ 7፦ ቤት ተሸክሞ ቀጥ ብሎ መሄድ

የፎርድ ኤፍ-53 ሻንሲ ከፋብሪካ ሲወጣ ላየው ሰው መኪና አይመስልም። ሁለት ረጃጅም የብረት ወራጆች፣ ከፊት ሞተር፣ ከሥር ሁለት አክስል፣ ስድስት ጎማና አንድ መሪ፤ በቃ። ጣሪያም ግድግዳም በርም የለው። እንዲህ ራቁቱን ኢንዲያና ውስጥ ኤልክሃርት አካባቢ ወይም አዮዋ ውስጥ ፎረስት ሲቲ ወዳሉት ሞተርሆም ሠሪዎች ይሄዳል፤ እነሱም ቤት ይጭኑበታል። መኝታ ክፍሉ፣ ወጥ ቤቱ፣ ፍሪጁ፣ ገላ መታጠቢያው፣ ጄኔሬተሩ፣ መኪናው ሲቆም በጎን ተገፍቶ እየወጣ ሳሎኑን የሚያሰፋው ክፍል፣ ሁሉም በዚያው ወራጅ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ ባለቤቱ ይመጣና ውሃውን፣ ነዳጁን፣ ቀለቡን፣ የመፍቻ ሳጥኑን፣ ብስክሌቱን ይጨምርበታል።

እንግዲህ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ የተስተካከለው ሻንሲው ባዶውን በነበረበት ቀን ነው። ሻንሲውን የሠራው ቤቱን አያውቀውም፤ ቤቱን የሠራው ጓዙን አያውቀውም፤ ጓዙን የጫነው ሁለቱንም አያውቅም። የሦስቱ ሥራ ሲደመር መንገድ ላይ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያየ ሰው የለም። በየሃምሳ ሜትሩ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየሄደ አስቸገረኝ ለሚል የትልቅ ሞተርሆም ባለቤት መልሴ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ መኪናው አልተበላሸም፤ ሥራው ገና አላለቀም። ይህ ምዕራፍ ባለቤቱ ራሱ እንዴት እንደሚጨርሰው ይናገራል።

ችግሩ የግድ አብሮ የሚወለድ እንዳልሆነ የሚመሰክር አንድ መኪና አለ። ጄኔራል ሞተርስ ከ1973 እስከ 1978 ሚሺጋን ውስጥ ፖንቲያክ ከተማ ላይ ጂኤምሲ ሞተርሆም የሚባለውን ሠርቶ ነበር። ሻንሲውንም አካሉንም የሠራው ራሱ ነው። ሞተሩና የማስተላለፊያው አሠራር ከኦልድስሞቢል ቶሮናዶ የተወሰደ ሲሆን ኃይሉ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል። ከወለሉ ሥር ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ስላልነበረ ወለሉን ዝቅ ማድረግ ተቻለ፤ ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ተከታትሎ በአየር ከረጢት ላይ ይንሳፈፋል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበና ከዚያም ያለፈ መኪና ሆኖ ዛሬም አያያዙን የሚያወድሱ፣ ክለብ አቋቁመው የሚንከባከቡት ሰዎች አሉት። ምክንያቱ ተአምር አይደለም። አንድ መሐንዲስ ቤቱንም ጎማውንም በአንድ ወረቀት ላይ ስላየው ነው። ግን ዋጋው ከበደ፣ ምርቱም ቆመ። ገበያው ወደ ተለመደው መንገድ፣ ማለትም ከአንዱ ሻንሲ ከሌላው ቤት ወደ ማምጣቱ ተመለሰ።

አሁን ወደ ችግሩ። "መሪው ያስቸግራል" የሚለው አባባል ቢያንስ አምስት የተለያዩ ሕመሞችን ይሸፍናል፤ እነሱን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። አንዱ ነፋስ በሌለበት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መንከራተት ነው። ሌላው ከባድ መኪና ሲያልፍ መወርወር ነው። ሦስተኛው ነዳጅ ማደያ ሲገቡ ወይም ጠመዝማዛ ላይ አካሉ ወደ ጎን መዘንበሉ ነው። አራተኛው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን መጎተቱ፤ አምስተኛው መሪው ሲዞር ጎማው እስኪታዘዝ ድረስ ያለው ባዶ ክፍተት ነው። መንገዱ ዳር ዳሩን ስለሚያዘቀዝቅ ትንሽ ወደ ዳር መሳቡ የተፈጥሮ ነው፤ መንታ ጎዳና ላይ ግራውን መስመር ይዛችሁ ሞክሩትና መሳቡ አቅጣጫውን ከቀየረ ጥፋቱ የመንገዱ ነው።

ገበያው ግን ይህን መለየት አይወድም። ለተቸገረ ባለቤት መጀመሪያ የሚቀርብለት የመሪ ማረጋጊያ ነው። ይህም ከመሪው ዘንግ ጋር የሚታሰር፣ ጎማውን ወደ መሐል የሚመልስ ትልቅ ስፕሪንግ ያለው ሲሊንደር ነው። ለመግጠም ቀላል፣ ለማየት የሚያምር፣ ለሻጩም ትርፍ ያለው ዕቃ ነው። ገጥሞት የወጣ ሰው በዚያው ቀን ልዩነት ይሰማዋል። ጉዳቱም እዚያው ላይ ነው፤ የላላ ማያያዣ፣ ያለቀ ቦኮላ፣ የተዛባ አቅጣጫ ሁሉ ከስፕሪንጉ ጀርባ ይደበቃል። እኔ ዕቃውን አልጠላውም፤ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው እንጂ። መጀመሪያ የሚመጣው ምንም የማይገዛበት ሥራ ነው፦ መመዘን።

አሜሪካ ውስጥ የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ካት ስኬልን አሳምረው ያውቁታል። ኩባንያው በ1977 የተቋቋመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዮዋ ውስጥ ዋልኮት የሆነ ሲሆን፣ ሚዛኖቹ በየትልልቁ የከባድ መኪና ማረፊያ ላይ ይገኛሉ። ሚዛኑ በተለያዩ መድረኮች ስለተከፋፈለ የፊቱን አክስል፣ የኋላውንና የተጎታቹን ለየብቻ ያወጣል። ሞተርሆም እዚያ ቢመዘን የሚከለክለው የለም። የምትመዘኑት ግን ለጉዞ እንደምትወጡት ሆናችሁ ነው፤ ውሃ ሞልታችሁ፣ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ሰዉ ሁሉ በየቦታው ተቀምጦ። 300 ሊትር ውሃ 300 ኪሎ ነውና ባዶውን የተመዘነ ሞተርሆም ስለራሱ የሚነግራችሁ ውሸት ነው።

ከዚህም የተሻለው እያንዳንዱን ጎን ለብቻ መመዘን ነው። ኢስኬፒስ የተባለው የሞተርሆም ተጓዦች ክለብ ቴክሳስ ሊቪንግስተን ባለው ማዕከሉ ይህን አገልግሎት ይሰጣል። በጎን የሚወጡት ክፍሎች፣ ፍሪጁና ወጥ ቤቱ በአንድ ወገን ከተደረደሩ በግራና በቀኝ መካከል የብዙ መቶ ኪሎ ልዩነት ሊኖር ይችላል። አክስሉ በጠቅላላው ከተፈቀደለት በታች ሆኖ አንዱ ጎማ ብቻውን ከአቅሙ በላይ ሊሸከም ይችላል ማለት ነው።

የፊቱ አክስል ክብደት በተለይ ያሳስበኛል፤ መሪ የሚታዘዘው የፊት ጎማ መሬቱን ሲጫነው ነውና። ትልልቅ ሞተርሆሞች ከኋላ አክስላቸው በኋላ ረጅም ጭራ አላቸው። ጭራው ውስጥ ያለ ዕቃ ደግሞ ኋላውን ከመጫን አልፎ ፊቱን ያነሳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሁለቱ አክስሎች መካከል 6 ሜትር ካለና ከኋላው አክስል 3 ሜትር ርቆ ባለ ሣጥን ውስጥ 200 ኪሎ ካስቀመጣችሁ፣ ከፊት አክስል ላይ 100 ኪሎ ትቀንሳላችሁ፤ የኋላው 300 ኪሎ ይጨመርበታል። ከኋላ ሞተርሳይክል መስቀያ ያሠሩና ወዲያው መሪው እንደቀለላቸው፣ ቀጥ ብሎ መሄድ እንደተሳነው ለሚያማርሩ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው። ያንኑ 200 ኪሎ በሁለቱ አክስሎች መካከል ወዳለው ሣጥን ማዛወር ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ የሚገኝ ጥገና ነው። ከነተሳቢው 36 ቶን የሚመዝን ከባድ መኪና በአንድ እጁ የሚነዳ ሹፌር ሞተርሆም ላይ ሲቀመጥ የሚገርመውም ለዚህ ነው። የተሳቢው ጫና የሚያርፈው ከጎታቹ የኋላ አክስሎች በላይ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ፊቱን የሚያነሳ ጭራ የለውም።

ክብደቱ ሲታወቅ ጎማው ይከተላል። ብዙ ባለቤት፣ ብዙ ጎሚስታም ጭምር፣ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ትልቁን የአየር ግፊት አንብቦ እዚያ ድረስ ይሞላል። ያ ቁጥር ጎማው ሙሉ ጭነቱን ሲሸከም የሚያስፈልገው እንጂ ለእናንተ መኪና የተጻፈ አይደለም። 80 ፒኤስአይ የሚበቃው ጎማ 110 ሲሞላ ደርቆ መሬቱን የሚነካው በጠባብ ንጣፍ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ የአስፋልት ስንጥቅ ላይ ይዘላል፣ ከባድ መኪኖች የቦረቦሩትን ቦይ ተከትሎ ይሄዳል። ከሚያስፈልገው በታች ከሆነ ደግሞ ይግላል፤ የጋለ ጎማ ይፈነዳል። እያንዳንዱ ጎማ ሠሪ ለዚህ ክብደት ይህን ግፊት የሚል ሠንጠረዥ ያወጣል። ከአክስሉ በጣም የከበደውን ጎን ውሰዱ፣ ሠንጠረዡ ላይ ፈልጉት፣ ለጥንቃቄ ጥቂት ጨምሩ፣ በዚያ አክስል ላይ ያሉትን ጎማዎች ሁሉ እኩል ሙሉ። የምትለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ አንባቢ ቢኖር ይህን ቢሠራ እመርጣለሁ።

ዕድሜውንም እዩ። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሐዞች አሉ፤ 2319 ካለ ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ሞተርሆም በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ስለሚያሳልፍ ጎማው የሚሞተው ጥርሱ አልቆ ሳይሆን አርጅቶ ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ያረጀ ጎማ ዓይንን የሚያታልል አደገኛ ነገር ነው።

ከጎማ ቀጥሎ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ በሞተርሆም ዓለም በጣም የሚዘነጋው ይህ ነውና። የፊት ጎማ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ምሰሶ፣ ኪንግ ፒን የሚባለው፣ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ የላይኛው ጫፉ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ይህ ዝንባሌ ካስተር ይባላል። የኤርፖርት ሻንጣ ጋሪ ስትገፉ ትናንሾቹ ጎማዎች ራሳቸው ዞረው ከምሰሷቸው ኋላ እንደሚሰለፉት፣ ካስተር ያለው የፊት ጎማም ከመሪው እጃችሁን ስታላሉ ራሱ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ካስተር ሲያንስ ጎማው የሚመለስበት ምክንያት ያጣል፤ ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ በእጁ ይመልሰዋል።

ኤፍ-53ን በመሰሉ፣ ፊታቸው አንድ ወጥ አክስልና ባሌስትራ በሆኑ ሻንሲዎች ላይ ካስተር የሚስተካከለው በአክስሉና በባሌስትራው መካከል በሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው። ሥራው ከተራ የከተማ መኪና ጋራዥ አቅም በላይ ስለሆነ የከባድ መኪና አላይመንት የሚሠራ ቤት ፈልጉ፤ የምትሄዱትም ጓዛችሁን እንደጫናችሁ ነው። "ልክ ነው፣ ከተፈቀደው ወሰን ውስጥ ነው" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ወሰኑ ሰፊ እንደሆነ አስታውሱትና ካስተሩን ወደ ላይኛው ጠርዝ እንዲያስጠጋላችሁ ጠይቁ። ለሚንከራተት ሞተርሆም ግማሽ ዲግሪ ትልቅ ነገር ነው።

ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። የመጨረሻው ረጅም ኤፍ-53 በሁለቱ አክስሎች መካከል 252 ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሜትር አለው። ባለቤቱ ጭራው ዝቅ ብሏል ብሎ ከኋላ የአየር ከረጢት ያስገባና በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል። በዚያች ደቂቃ ሻንሲው በሙሉ ወደ ፊት ያዘነብላልና ከካስተሩ ወደ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። መኪናው ከኋላ አምሮበት ከፊት ይበላሻል። ጥገና አንዱን ሲነካ ሌላውን እንደሚያንቀሳቅስ ያልተረዳ ሰው በየወሩ አዲስ ዕቃ ይገዛል።

የፊት ጎማዎቹ ከፊታቸው ትንሽ ወደ ውስጥ መጠጋታቸውም፣ ቶ-ኢን የሚባለው፣ ይታያል፤ የሚስተካከለው ቲራንቲውን በማሳጠርና በማስረዘም ነው። ልዩነቱ የጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ከተከፈቱ ግን እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ይፈልጋል። የኋላው አክስልም ለሻንሲው ቀጥ ብሎ መቀመጡ ይለካ፤ ከተጣመመ መኪናው መንገድ ላይ የሚሄደው በሰያፍ ነው።

አላይመንት ከመሠራቱ በፊት ያለቀ ነገር እንደሌለ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ምርመራ ሁለት ሰው እንጂ መሣሪያ አይጠይቅም። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ አንዱ መሪውን በትንሹ ወዲያ ወዲህ ያደርጋል፤ ሌላው በጉድጓድ ውስጥ ወይም ከጎን ሆኖ ከመሪ ሳጥኑ እስከ ጎማው ያሉትን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ያያል። አንዱ ብረት ሲንቀሳቀስ ተከታዩ ዘግይቶ ከተንቀሳቀሰ በመካከላቸው ያለው ነገር አልቋል። የኪንግ ፒኑ መላላት የሚታወቀው ደግሞ ጎማው በክሪክ ከመሬት ሲነሳና ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ነው። ግራሶውም የሚሰጠው ጎማው ተነስቶ ነው፤ ክብደቱ ላዩ ላይ እያለ የሚገፋ ግራሶ የተጫነውን ወገን አያገኘውም። በአሮጌው የሼቭሮሌ ፒ-30 ሻንሲና በአንዳንድ የናፍጣ ሞተርሆሞች ላይ የመሪውን እንቅስቃሴ አቅጣጫ የሚያዞር ቤል ክራንክ የሚባል ክንድ አለ፤ እነዚያን የያዘ ሰው መጀመሪያ እዚያ ላይ ያተኩር፤ ቦኮላው ያልቃል፤ በኩሽኔታ የሚሠራ መተኪያም ይገኛል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሞተርሆሙን ካምፕ ውስጥ ለማስተካከል የተሠሩት እግሮች መኪናውን አስተኝቶ ለማሳደር እንጂ ሰው ከሥሩ እንዲገባ የተሠሩ አይደሉም። ዘይቱ ካመለጠ 10 ቶን ይወርዳል። የብረት መደገፊያ ሳይገባ ማንም ከሥር አይግባ። ሁለተኛው፣ መሪ ሳጥኑ አናት ላይ ያለችውን የማስተካከያ ብሎን ነው። ክፍተት የሚሰማው ሁሉ እሷን ማጥበቅ ያምረዋል። ከልክ በላይ ስትጠብቅ ጥርሶቹ መሐል ላይ ይነክሳሉ፤ መሪው ራሱ መመለሱን ይተዋል፤ መንከራተቱ ከበፊቱ ይብሳል፤ ሳጥኑም ይበላል። የሌላው ሁሉ ምርመራ አልቆ ጥፋቱ ሳጥኑ ውስጥ መሆኑ እስኪረጋገጥ አትንኳት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ መኪናው በጸጥታ ቀን ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንበል። ከባድ መኪና ሲያልፍ ግን አሁንም ይወረወራል። እዚህ ላይ የሚሆነውን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ሹፌር የሚሳሳተው ሂደቱን ስለማያውቀው ነው። ከኋላ በግራ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና ከፊቱ የታመቀ አየር እየገፋ ይመጣል። ያ አየር መጀመሪያ የሚያገኘው የእናንተን ጭራ ነው፤ ጭራውን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ጭራ ወደ ቀኝ ሲሄድ አፍንጫ ወደ ግራ፣ ወደ ከባዱ መኪና ያመለክታል። ሹፌሩ ደንግጦ ወደ ቀኝ ያዞራል። በዚያችው ቅጽበት የታመቀው አየር ወደ ፊት ደርሶ አፍንጫውን ወደ ቀኝ ይገፋል፤ የሹፌሩና የነፋሱ ግፊት ይደመራል። መኪናው ወደ ዳር ሲወረወር ሹፌሩ ወደ ግራ ይመልሳል፤ አሁን ደግሞ የአላፊው መኪና ጎን የፈጠረው መሳብ በዚያው ወገን ይጠብቀዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተደራረበ ስህተት ከአንድ ግፊት ይወለዳል።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ከኋላ እንደተነሳ ልብ በሉ። ባሌስትራ ጭነትን ወደ ላይና ወደ ታች ይሸከማል፤ ወደ ጎን ግን ቦኮላውና መንጠልጠያው እስከሚፈቅዱለት ድረስ ይንሸራተታል። አካሉ ከአክስሉ በላይ ወደ ጎን በሄደ ቁጥር መኪናው ሳይታዘዝ ከኋላ ይመራል። መድኃኒቱ ትራክ ባር የሚባል አንድ ዘንግ ነው፦ አንድ ጫፉ ከሻንሲው በአንድ ወገን፣ ሌላው ጫፉ ከአክስሉ በሌላው ወገን ይታሰራል። ወደ ላይና ታች መንቀሳቀስን አይከለክልም፤ የጎን መንሸራተትን ይዘጋል። ለቤንዚን ሞተርሆም ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው የኋላውን ትራክ ባር ነው። የሚገርመው ግን ችግሩ "መሪ" ስለሚባል ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚመለከተው ወደ ፊት ነው።

ወደ ጎን መዘንበልን የሚይዘው ሌላ ዕቃ ነው፤ ስዌይ ባር። ሁለቱን ጎን የሚያገናኝ ወፍራም የብረት ዘንግ ሲሆን አካሉ ሲዘነብል እየተጠመዘዘ ይቃወማል። በብዙዎቹ ኤፍ-53ዎች ላይ ከዚህ ዘንግ ክንድ ጫፍ ሁለት ቀዳዳ ይገኛል፤ ፋብሪካው ማገናኛውን የሚያስረው በውጭኛው፣ ማለትም በለስላሳው ነው። ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ሲዛወር ክንዱ ያጥራል፣ ዘንጉም ይጠነክራል። ጥንካሬው የሚጨምረው ደግሞ በእጥረቱ ልክ ሳይሆን በካሬው ነው፤ የ25 ሴንቲ ሜትር ክንድ 20 ቢሆን ተቃውሞው በ56 በመቶ ያድጋል። የላስቲክ ማያያዣዎቹ ስለሚለመጡ ሙሉው ባይደርሳችሁም ለውጡ ይሰማል። የኤፍ-53 ባለቤቶች ርካሹ ጥገና ብለው የሚጠሩት ይኸው ነው፤ መፍቻና አንድ ከሰዓት በኋላ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ሲያዛውሩ ማገናኛው ከፍሬን ቱቦና ከሻንሲው ጋር እንደማይጋጭ ማየት ያሻል። አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ መኪናው ከበፊቱ ደረቅ ብሎ ይነጥራል፤ ይህን ታግሦ መቀበል ነው። ሌላ ወፍራም ዘንግ መግዛት የሚመጣው ይህ አልበቃ ሲል ነው።

አሞርዛተር በሽያጭ ወሬ የሚባልለትን ያህል ቀጥታ አያስኬድም። ሥራው የባሌስትራውን ማረግረግ ማብረድ ነው። ያለቀ ከሆነ ቀይሩት፤ በጥሩ ቀይሩት፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

የመሪ ማረጋጊያው ተራ አሁን ይደርሳል። ሁሉ ነገር በተስተካከለ መኪና ላይ ሲገጠም እውነተኛ ጥቅም አለው፤ የፊት ጎማ በድንገት ሲፈነዳ መሪው ከእጅ እንዳያመልጥ ይረዳል። ፍንዳታ ካነሳን፣ የእግር ልማድ የሚያዘው ፍሬን እንዲረገጥ ነው፤ በትልቅ ሞተርሆም ላይ ግን ፍሬን መኪናውን ወደ ፈነዳው ጎማ ይወስደዋል። ነዳጅ ለቅጽበት ረግጦ መኪናውን በመስመሩ ማስያዝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅና ራሱ ፍጥነቱን እንዲጥል መተው ነው ትክክለኛው።

ሹፌሩም ከጥገናው ውጭ አይደለም። በእነዚህ መኪኖች ላይ የሹፌሩ ወንበር ያለው ከፊት አክስል በላይ ወይም ከእሱም ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ አፍንጫው ትንሽ ሲዞር ሹፌሩ መኪናው በሙሉ የተንሸራተተ ይመስለዋል። ዓይኑን ከፊቱ አሥር ሜትር ላይ የተከለ ሰው ለእያንዳንዷ እንቅስቃሴ መልስ ይሰጣል። ሩቅ፣ መንገዱ ከአድማስ የሚገናኝበት አካባቢ የሚያይ ሰው እጁ በራሱ ያርፋል። ከኋላ የሚመጣውን ከባድ መኪና በመስታወት አስቀድሞ ያየም ሹፌር አይደነግጥም።

ነፋስን ግን የሚያሸንፍ ዕቃ የለም። 11 ሜትር የሚረዝም፣ 3 ሜትር የሚቆም ጎን 33 ካሬ ሜትር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ በዚህ ላይ ከ500 ኪሎ የበለጠ ጫና ያሳርፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናው አራት እጥፍ ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ በላራሚና በሮሊንስ መካከል፣ ኤልክ ማውንቴን አጠገብ የሚያልፈው ኢንተርስቴት 80 በዚህ የታወቀ ነው፤ የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነፋሱ ሲበረታ መንገዱን ለቀላልና ረጃጅም ተሽከርካሪዎች ይዘጋል። ትራክ ባርና ስዌይ ባር የገጠመ ሰው ራሱን ከእገዳው ውጭ አድርጎ ሲያስብ ሰምቻለሁ። ካሬ ሜትሩ አልቀነሰለትም።

የማይጠገን ሌላም ነገር አለ፤ ገና ለምትገዙ ሰዎች የምናገረው ስለዚህ ነው። ሻጩ ስለ ሶፋውና ስለ ቴሌቪዥኑ ሲያወራ እናንተ ሜትር አውጡ። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለውን ርቀት ለኩ፤ ለጠቅላላው ርዝመት አካፍሉት። 55 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ መነሻ አላችሁ፤ በዚህ ምዕራፍ ያለው ሥራ ቀሪውን ያስተካክለዋል። ወደ 50 ሲጠጋ ጭራው ረዝሟል ማለት ነውና ዋጋው ላይ በርትታችሁ ተከራከሩ፤ ሚዛን ላይ ሳይወጣም አትክፈሉ። ከ50 በታች ከሆነ ምንም ቢያምር ሌላ ፈልጉ፤ አክስል የሚያራርቅ ዕቃ ማንም ሱቅ አይሸጥም።